የድንጋዩ ቅጠልና የውሃው ቅጠል

የሲሐን ወንዝ ወደ ኋላ መፍሰስ የጀመረው በጠራራ ፀሐይ፣ የዳሪማ ከተማ ገበያ ሞልቶ ሳለ ነበር። በድልድዩ ላይ የቆሙ ሰዎች መጀመሪያ ዓይናቸውን ተጠራጠሩ። ውሃው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ጥቂት ዋለለ፤ ከዚያም አረፋ እየደፈቀ ወደ መጣበት ወደ ሞራድ ተራራ ተመለሰ። ጀልባዎች ከነቀዛፊዎቻቸው ጭቃ ላይ ተቀመጡ። ዓሦች በባዶው አሸዋ ላይ ተንፈራገጡ፤ ልጆችም እየሳቁ ሊለቅሟቸው ወረዱ። ሳቃቸው ሳያልቅ ውሃው እንደ ግንብ ተነሥቶ መጣና የታችኛውን ሰፈር ከነሰዉ ጠርጎ ወሰደ። ከዚያም፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ እንደገና ወደ ላይ መፍሰሱን ቀጠለ።

በሰርወን መንግሥት ሲሐን በማን እስትንፋስ እንደሚፈስ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ከሞራድ ተራራ ሥር፣ ነገሥታቱ ሁሉ ከመወለዳቸው በፊት ጀምሮ፣ ኤልጋር የሚባለው ታላቅ አውሬ ተጋድሞ ይኖራል። አንዱ ቅርፊቱ የወፍጮ ድንጋይ ያህላል፤ ጀርባው ኮረብታ ነው። አየር ሲስብ በተራራው ሆድ ያለው ውሃ ይሰበሰባል፤ ሲተነፍስ ውሃው በምንጮቹ ሁሉ እየተገፋ ይወጣል። ኤልጋር ማንንም ጎድቶ አያውቅም፤ እሱንም የጎዳው አልነበረም። ነገር ግን የንግሥት ሐመልማል ታናሽ ወንድም ልዑል ጋሜድ፣ የኤልጋርን ደም የጠጣ ሞትን አያይም የሚል ወሬ ሰማ። ከዙፋኑ በላይ ተሰቅሎ የነበረውን የኮከብ ብረት ጦር ሰርቆ ወደ ዋሻው ገባ፤ ጦሩንም በአውሬው ጎን እስከ ዘንጉ አጋማሽ ሰካው። ልዑሉ ከዋሻው አልወጣም። ጦሩም እዚያው ቀረ። ኤልጋር በሕመም መወራጨት ሲጀምር እስትንፋሱ ተዛባ፤ ወንዙም መንገዱ ጠፋበት።

ንግሥት ሐመልማል አማካሪዎቻቸውን በሰበሰቡበት ዕለት የአዳራሹ ወለል ከእግራቸው ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር። አስቀድመው የተናገሩት የመድኃኒት ቤቱ አለቃ የኔታ ኦርያስ ናቸው። ነጭ ጢማቸው ደረታቸውን የሸፈነው እኚህ ሽማግሌ፣ የሚጮህ ቁስለኛን ጸጥ በማድረግ በምድሪቱ አቻ አልነበራቸውም።

«ግርማዊት ሆይ» አሉ፤ «ጦሩ ካልተነቀለ አውሬው አያርፍም። በሕመም እየተወራጨ ሳለ ደግሞ ማንም ሊጠጋው አይችልም። በቤታችን ዝም በል የምንለው ቅጠል ጭማቂ አለ። እግሩ የሚቆረጥ ወታደር እንኳ እሱን ከጠጣ ድምፁ አይሰማም። ኤልጋርንም እናጠጣው። ሲተኛ ጦሩን እንነቅላለን።»

«ከተኛስ ማን ይተነፍስልናል?» የሚል ድምፅ ከኋላቸው ተሰማ።

አዳራሹ ሁሉ ዞረ። የተናገረችው ያርሚት ነበረች፤ በመድኃኒት ቤቱ ውስጥ ያደገችና ቅጠል መውቀጥና መጭመቅ ሥራዋ የሆነ ወጣት። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ እሷም ደነገጠች።

«ረዳቴ ናት፤ ግርማዊነትዎ ይቅር ይበሏት» አሉ የኔታ ኦርያስ። «እንድትናገር አልታዘዘችም።»

«ጀምራዋለች እኮ» አሉ ንግሥቲቱ። «ትጨርሰው።»

ያርሚት ወደ ፊት ቀረበች። «ግርማዊት ሆይ፣ በአያትዎ ዘመን ኤልጋር በራሱ ጊዜ አንቀላፍቶ ምንጮቹ ሁሉ ደርቀው ነበር። በእንቅልፍ ላይ እስትንፋሱ ይደክማል። እኛ በመድኃኒት ብናስተኛው መቼ እንደሚነቃ የሚያውቅ የለም። ሕመሙን የሚያጠፋ፣ ግን የማያስተኛ ነገር ያስፈልገናል። በጉም ሸለቆ እሳት አብርድ የሚሉት ቅጠል ይበቅላል ይባላል። አላየሁትም። እውነት መሆኑንም አላውቅም።»

የኔታ ኦርያስ ጢማቸውን ዳሰሱ። «ስለ ምንጮቹ የተናገረችው እውነት ነው» አሉ። «ወደ ጉም ሸለቆ የሄዱ ብዙዎች አእምሯቸው ተናውጦ ተመልሰዋል። ይሁን እንጂ ከፈቀዱ አብሬያት እሄዳለሁ።»

«እኔም እሄዳለሁ!» አለ በደጁ በኩል የቆመ ሰው። የድልድዩ ዘብ ደርማን ነበር፤ በጎርፉ ቀን ሰዎችን ከውሃ ሲጎትት የዋለ ግዙፍ ወታደር። በድንበሩ ጦርነት ዳሌው ውስጥ የተሰበረ የቀስት ጫፍ እዚያው ስለቀረ ሲራመድ ያነክሳል፤ ሌት ተቀን ያመዋል። የኔታ ኦርያስ አንድ ጊዜ ዝም በል አጠጥተውት ብረቱን ሊያወጡ ሞክረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ቢለምኑትም ሁለተኛ አልጠጣም ብሏል፤ ምክንያቱንም አልተናገረም።

ንግሥቲቱ ከዙፋናቸው ተነሡ። «እንግዲያው ሂዱ። ጨረቃ ሳትሞላ ተመለሱ። ከዘገያችሁ ግን ባለን ነገር፣ በዝም በል፣ አስተኛዋለሁ። ምንጮቹ ቢደርቁ ፍርዱ በእኔ ላይ ይሁን።»

ሦስቱም ቀኝ እጃቸውን አነሡ። «ሲሐን ያጠጣን ውሃ በአጥንታችን ይመስክርብን! ባዶ እጃችንን አንመለስም!»

ጉዟቸው በባዶው የወንዝ አልጋ ዳር ነበር። ውሃው በሄደበት ሰዓት መንደርተኞች እንስራ ይዘው ጭቃውን ሲቆፍሩ፣ በተመለሰበት ሰዓት ደግሞ ልጆቻቸውን አዝለው ዛፍ ላይ ሲወጡ አዩ። አንዲት ሴት የበቅሏቸውን ልጓም ይዛ «ወዴት እንሽሽ? ወደ ላይ ነው ወደ ታች?» ብላ ጠየቀቻቸው። ሦስቱም የተለያየ አቅጣጫ አሳዩአት። ያርሚት ለብዙ ሰዓት የዚያች ሴት ፊት ከዓይኗ አልጠፋ አላት።

የጉም ሸለቆ ሲደርሱ ፀሐይ እንደ ወተት ጠብታ ደብዝዛ ቀረች። ጉሙ ከወገብ በላይ ይጋርዳል፤ ሰው የገዛ እግሩን እያየ የጓደኛውን ፊት ያጣል። በዚያ ላይ መላሽ የሚባሉ አመድማ ወፎች አሉ። የሰሙትን የሰው ድምፅ ሳይሳሳቱ መልሰው ይናገሩታል፤ የሚናገሩት ግን ሲፈልጉ ነው፤ ከጥቂት ቆይታ በኋላ ወይም በማግስቱ። ደርማን ያርሚት ከፊቱ እየሄደች ሳለ ከኋላው ስትጠራው ሰማ። የኔታ ኦርያስ የገዛ ድምፃቸው «ተጠንቀቅ፣ ገደል ነው!» ሲል ሰሙና መቼ እንደተናገሩት ማስታወስ አቃታቸው። በመጨረሻ ወገባቸውን በአንድ ገመድ ታስረው መሄድ ጀመሩ፤ ገመዱን እንጂ ጆሯቸውን አላመኑም።

ቅጠሉን ያገኙት በሸለቆው ወለል፣ በአንድ ጅረት አጠገብ ነው። እንደ እጅ መዳፍ የተዘረጋ፣ ሐምራዊ ደም ሥር ያለው ቅጠል ነበር። የኔታ ኦርያስ በጥሰው አሸተቱትና ፊታቸው ተለወጠ።

«ይህማ ዝም በል ነው! ነጋዴዎች ደርቆ የሚያመጡልኝ ይኸው ራሱ ቅጠል ነው።»

«ከላይም አለ!» አለ ደርማን ከጅረቱ በላይ ካለው ቋጥኝ ላይ ሆኖ። የያዘውን ወረወረላቸው። ያርሚት ሁለቱን ቅጠሎች ጎን ለጎን አስቀመጠች። ቅርጹ አንድ ነው፤ ደም ሥሩ አንድ ነው። ቀመሰቻቸው፤ ሁለቱም ይመራሉ፤ ሁለቱም ምላስ ያደነዝዛሉ።

«እንግዲህ እሳት አብርድ የሚባል ነገር የለም» አሉ የኔታ ኦርያስ በምሬት እየሳቁ። «የአንድ ቅጠል ሁለት ስም ስናሳድድ ነው የመጣነው።»

ያርሚት ቅጠሎቹን እያገላበጠች ቆየች። የትኛው የድንጋዩ፣ የትኛው የውሃው እንደነበር ሊጠፋት ሲል ደንግጣ ለያየቻቸው። «ምናልባት አንድ ናቸው፤ ምናልባትም ሁለት» አለች። «ዓይኔም ምላሴም አልነገሩኝም። እስቲ እንፈትናቸው። አንደኛ፣ እጃችንን በእሳት በጋለ ድንጋይ ላይ እናድርግ። ሕመም የሚያጠፋ መድኃኒት እጅን ከድንጋዩ ላይ ቶሎ አያስነሣም። ሁለተኛ፣ በዚያ በጅረቱ ላይ በወደቀው ግንድ እንሻገር። የሚያስተኛ መድኃኒት ከግንዱ ይጥለናል። እኛ የምንፈልገው እጅን የሚያቆይ፣ ከግንዱ ግን የማይጥል ነው።»

መጀመሪያ ምንም ሳይጠጡ ተፈተኑ። ደርማን ጥርሱን ነክሶ ትንሽ ቆየና አነሣ። ያርሚት ወዲያው አነሣች። የኔታ ኦርያስ ገና ሲነኩት «አመመኝ! በቃ! በቃ!» ብለው ሸለቆውን አናጉት። ግንዱን ግን ሦስቱም ተሻገሩ። ያን ቀን ሙሉ መላሾቹ ከጉሙ ውስጥ «አመመኝ! በቃ! በቃ!» እያሉ ስለዋሉ ሽማግሌው ራሳቸው ሳይቀሩ ሳቁ።

በማግስቱ የውሃውን ቅጠል ጨምቀው ሲጨርሱ የኔታ ኦርያስ ጽዋውን ቀድመው አነሡ። «ይህን ዕድሜዬን ሙሉ ሰጠሁት እንጂ አልቀመስኩትም። የእኔ ተራ ነው።»

ብዙም ሳይቆይ ዓይናቸው ተከደነ፤ ሰውነታቸው እንደ እርጥብ ጨርቅ ለዘበ። ያርሚት መዳፋቸውን በጋለው ድንጋይ ላይ አኖረች። አላነሡም። ፊታቸው እንደተኛ ሕፃን ፊት የሰላም ነበር። ልቧ በደስታ ዘለለ፤ ምን ያህል እንደሚቆዩ ለማየት ጠበቀች።

«አመመኝ! በቃ! በቃ!» አለ አንድ ድምፅ ከጉሙ ውስጥ።

ያርሚት ቀና ብላ የሽማግሌውን አፍ አየች። ተዘግቷል። ከንፈራቸው እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

«ያርሚት፣ እጃቸውን አንሽላቸው» አለ ደርማን። ድምፁ እንግዳ ነበር።

«ወፎቹ እኮ ናቸው» አለችና ፈገግ አለች። የተቃጠለ ቆዳ ሽታ አፍንጫዋ ሲደርስ ግን ደንግጣ እጃቸውን አነሣች። መዳፋቸው በሙሉ ተልጦ ነበር። ግንዱን ለመሻገር ይቅርና መቆም አልቻሉም። በልቧ «ሕመምም ያጠፋል፤ ያስተኛልም» ብላ ደመደመች።

የኔታ ኦርያስ ሲነቁ ከድምፃቸው በፊት እንባቸው መጣ። «ለምን አላነሣሽልኝም?» አሉ።

ያርሚት አልገባትም። «ምኑን የኔታ? አሞዎት ነበር እንዴ?»

«ሁሉም ይሰማኝ ነበር። እሳቱ ከመዳፌ ተነሥቶ እስከ ትከሻዬ ወጣ። እጄን ተነሥ ብለው እምቢ አለኝ። አፌን ክፈት ብለው እምቢ አለኝ። ወፉ በእኔ ድምፅ ሲጮህ ደስ አለኝ፤ አሁን ትሰማኛለች አልኩ። አንቺ ግን ፊቴን አይተሽ ፈገግ አልሽ።» ድንገት የሚያስፈራ ነገር የታያቸው ይመስል ትክ ብለው ቀሩ። «እነዚያ ሁሉ ልጆች... እግራቸውን ስቆርጥ ዝም ያሉት...»

ደርማን ፊቱን አዞረ። «እኔ ስነቃ እርስዎ ደስ ብሎዎት ነበር የኔታ። ‹አልተንቀሳቀሰም፤ ምንም አልተሰማውም› ሲሉ ሰማሁ። ታዲያ ያ ሁሉ ስቃይ ምን ነበር? ሕልም ይሆን? አብጄ ይሆን? እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እንዴት ብዬ ልንገርዎ?»

ሽማግሌው የተላጠ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ጉሙን ሲያዩ ዋሉ።

ያርሚት ደግሞ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ድንጋዩ ዋሽቷታል። ያልተነሣ እጅ ያላመመው እጅ ነው ብላ ነበር፤ ለካ የማይነሣ እጅ እያመመውም ላይነሣ ይችላል። ዝም ያለ ሰው ተመችቶት ይሁን ተቆልፎበት በምን ይታወቃል? ፊት ይዋሻል፤ አፍ ይዋሻል፤ እውነቱን የተናገረችው ወፍ ናት፤ እሷም ሳታውቀው። ብዙ ካሰበች በኋላ አንድ ነገር ብቻ ያዘች፤ መድኃኒቱን የጠጣ ሰው ነቅቶ መናገር መቻል አለበት። መናገር የማይችል ከሆነ ስለ ሕመሙ ምንም አልታወቀም።

የድንጋዩን ቅጠል ጨምቃ ራሷ ጠጣች። ቀድማ ወደ ግንዱ ሄደች፤ ሳትንገዳገድ ተሻግራ ተመለሰች። ከዚያ መዳፏን በጋለው ድንጋይ ላይ አድርጋ ማውራት ጀመረች። «ሙቀቱ ይታወቀኛል። ግን... እንዴት ልበላችሁ... የሌላ ሰው እጅ መሞቁን የነገሩኝ ይመስለኛል። አያመኝም።» ደርማን ፈጥኖ እጇን አነሣላት። እሷ ግን ሳቋ መጣና ሳቀች፤ ለምን እንደሳቀች አላወቀችም።

«ከንፈርሽ እየደማ ነው» አላት ደርማን።

«የማን?»

«ያንቺ እንጂ! ነክሰሽዋል።»

ያርሚት አገጯን ዳሰሰች። ጣቷ ላይ ደም አየች። የራሷ መሆኑን ለማመን ጊዜ ወሰደባት፤ ሳቋም ቆመ። ይህ ቅጠል እንደሌላው አይቆልፍም፤ ነገር ግን ሰውን ከገዛ ቁስሉ ያለያያል።

ከእሷ በኋላ ደርማን ጠጣ። ዝም ብሎ ቆሞ አንድ ነገር ያዳምጥ ጀመር። ቀጥሎም አንድ እርምጃ ሄደ፤ ሌላም፤ ሳያነክስ። በግንዱ ላይ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ እንደ ልጅ ጮኸ፤ መጨረሻ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። «ምን ሆንክ?» ሲሉት «እኔንጃ» አለ። «ዝም አለ። ውስጤ ዝም አለ። እንዲህ ነበር እንዴ ሰው የሚኖረው?»

የድንጋዩን ቅጠል ለቅመው፣ ጨምቀው፣ ስልቻዎቻቸውን ሞልተው በፍጥነት ተመለሱ። የሞራድ ተራራ ሥር ሲደርሱ ጨረቃ ልትሞላ ምንም አልቀራትም ነበር። ንግሥት ሐመልማል ከወታደሮቻቸው ጋር በዋሻው ደጃፍ ሠፍረዋል፤ ዝም በል የሞላባቸው ጋኖችም ተሰልፈዋል። የኔታ ኦርያስ በንግሥቲቱ እግር ሥር ተንበርክከው በጨርቅ የታሰረ እጃቸውን ዘረጉ።

«ግርማዊት ሆይ፣ በእነዚህ ጋኖች አውሬውን ዝም ታሰኙታላችሁ እንጂ አታሳርፉትም። እስትንፋሱ ይደክማል፤ ሕመሙ ግን ያው ይሆናል። ጠጥቼዋለሁ፤ አውቃለሁ። ለሠራዊትዎ ሁሉ የሰጠሁት ይህን ነው። ቅጣቴን በኋላ ይወስኑልኝ፤ አሁን ግን ልጅቷን ይስሟት።»

ንግሥቲቱ ያርሚትን አዩ። «አንቺስ እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም ግርማዊት። ሰው ላይ የሆነው አውሬ ላይ መሆኑን አላውቅም። ግን የምለይበት ምልክት አለኝ።»

በተሰነጠቀው የዋሻ ጣሪያ የቀኑ ብርሃን እየወረደ በኤልጋር ቅርፊት ላይ ያብረቀርቅ ነበር። አውሬው በተወራጨ ቁጥር ድንጋይ ይዘንባል። ለማቃሰት አፉን በከፈተ ጊዜ ሦስቱ ተሯሩጠው ስልቻዎቹን በምላሱ ላይ ገለበጡ። ከዚያ ግድግዳውን ተለጥፈው ጠበቁ። መወራጨቱ ቀስ በቀስ ቀነሰ፤ ቆመም። ወታደሮቹ «ተኛ! ተኛ!» እያሉ ተንሾካሾኩ፤ ከመካከላቸው ስለ ምንጮቹ ማልቀስ የጀመሩም ነበሩ።

ያርሚት ብቻዋን ወጥታ በአውሬው ፊት ቆመች። የበር ያህል የሰፋው ቢጫ ዓይን ተከፍቶ ነበር። ወደ ግራ ሄደች፤ ዓይኑ ተከተላት። ወደ ቀኝ ሄደች፤ ተከተላት። ለደርማን ምልክት ሰጠችው፤ እሱም የተሰካውን ጦር በበትር መታ። አውሬው አልደነገጠም፤ ዓይኑም ከእሷ ላይ አልተነሣም።

«ነቅቷል!» ብላ ጮኸች። «ነቅቷል፤ አላመመውምም!»

ሦስት ወታደሮች ጦሩን ሊነቅሉ ወጡ፤ ሦስቱም እየጮሁ ወደቁ። የኮከብ ብረት በኤልጋር ደም ግሎ እንደ ፍም ሆኖ ነበር። ከስልቻዎቹ በአንዱ ግርጌ ለአንድ ሰው የሚበቃ ጭማቂ ቀርቷል። ያርሚት እጇን ስትዘረጋ ደርማን ቀደማት።

«አንቺ ጦሩን አትችይውም» አላት።

«ደርማን፣ መድኃኒቱ እሳቱን አያጠፋም። የሚያጠፋው ሕመሙን ብቻ ነው። ሳታውቀው ትቃጠላለህ።»

«እንግዲያው አንቺ እወቂልኝ። ሰውነቴ የማይነግረኝን አንቺ ንገሪኝ። እውነቱን ብቻ። ቃል ግቢልኝ።»

«ቃል እገባለሁ» አለች፤ ምን እንደገባች ሳይገባት።

ደርማን ጠጣ፤ ጥቂት ጠብቆም በቅርፊቶቹ ላይ ወጣ። ጦሩን በሁለት እጁ ጨብጦ ወደ ደረቱ አስጠጋው። ጭስ ተነሣ። «ምንም የለም!» አለ እየሳቀ። ሳበ። ጦሩ ትንሽ ወጣ። እንደገና ሳበ። ያርሚት የእጁ ቆዳ ሲለወጥ ከታች አየች፤ ልብሱም በደረቱ ላይ ተያያዘ።

«ተመለስ! እየተቃጠልክ ነው!»

«የቱ ጋ?» አለ ደርማን። እውነትም አላወቀም ነበር።

«እጅህ! ደረትህ! በቃ፣ ተመለስ!»

ወደ ደረቱ ተመለከተ። ግራ የተጋባ ሰው ፊት ነበረው፤ የሌላ ሰው ልብስ ለብሶ የተገኘ ዓይነት። ቀጥሎ በጦሩ አጠገብ ያለውን ቁስል አየ፤ ጥቂት ብቻ ነበር የቀረው። ወደ እሷ አልተመለከተም። በሙሉ ኃይሉ ሳበ።

ጦሩ ወጣ። ከቁስሉ የፈላ ደም እንደ ምንጭ ፈነዳና ደርማንን ከራስ እስከ እግሩ አጠበው። ኤልጋር አየር ሳበ፤ ተራራው በሙሉ ከፍ ያለ መሰለ። ከዚያ ረጅም፣ የተስተካከለ እስትንፋስ አወጣ።

ደርማን በራሱ እግር ወረደ። በሰዎቹ መካከል አልፎ ከዋሻው ወጣ፤ ሰዎቹም ወደ ኋላ እያፈገፈጉ መንገድ ለቀቁለት። ንግሥቲቱ ዘውዳቸውን አውልቀው በደረታቸው ያዙ።

«ምነው ዝም አላችሁ?» አለ። «ወጣ እኮ!»

በወንዙ አልጋ ዳር ተቀመጠ። ያርሚትና የኔታ ኦርያስ አጠገቡ ተንበረከኩ። ፊታቸውን አፈራርቆ አየ፤ ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ።

«ምን ሆኛለሁ? ቃል ገብተሽልኛል።»

ያርሚት ዓይን ዓይኑን አየችው።  «ትሞታለህ ደርማን። ከዚህ ቃጠሎ የሚተርፍ ሰው የለም።»

«እኔ?» ሊስቅ ሞከረ። «ምንም አልሆንኩም እኮ። እንደዛሬ ደህና ሆኜ አላውቅም።» እጆቹን አንሥቶ ተመለከታቸው፤ አገላበጣቸው። ለረጅም ጊዜ አየ። «የእኔ ናቸው?» አለ ዝግ ብሎ። ከዚያ ፊቱ ላይ ፍርሃት መጣ። «መድኃኒቱ ሲለቀኝስ?»

የኔታ ኦርያስ የታሰረ እጃቸውን በራሱ ላይ አኖሩ። «ከዚያ በፊት ታርፋለህ ልጄ» አሉት። «አይደርስብህም።»

ደርማን ራሱን ነቀነቀ። ገብቶት ይሁን አይሁን አላስታወቀም።

ከተራራው ሆድ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎም ውሃው መጣ። እንደ ግንብ አልተነሣም፤ በጠጠሮቹ መካከል እየተሽሎከለከለ፣ ደረቁን አሸዋ እያጨለመ፣ ወደ ታች፣ ወደ ዳሪማ ወረደ። የደርማንን እግር ነካ፤ እስከ ቁርጭምጭሚቱም ሸፈነው። እሱ ውሃውን አየው።

«ቀዝቃዛ ነው?» አለ። «አይታወቀኝም።»

ያርሚት እጇን ከእግሩ አጠገብ ነከረች። «ቀዝቃዛ ነው።»

«እንዴት ያለ ቅዝቃዜ?»

«መጀመሪያ ጣት ይቆነጥጣል» አለች። «ከዚያ ይለመዳል። ወራጁ ደካማ ነው፤ አሸዋውን ከተረከዝህ ሥር እየሸረሸረ ነው። አንድ ትንሽ ቅጠል መጥታ እግርህ ላይ ተለጥፋለች። አሁን ሄደች። ከታች ያለው ውሃ ከላዩ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ጉልበትህ ጋ ሊደርስ ነው... አሁን ደረሰ። ለስላሳ ነው...»

ስለ ውሃው መናገሯን ቀጠለች። የኔታ ኦርያስ ጎንበስ ብለው የደርማንን ዓይኖች በጣታቸው ሲከድኑ አየች፤ እሷ ግን አላቆመችም፤ መስማቱን ያቆመው በየትኛው ቃል ላይ እንደሆነ አላወቀችምና። ከታች፣ ከዳሪማ በኩል፣ መለከት ተነፋ። ሌላም ተከተለ። ወታደሮቹ እየጮሁ ተቃቀፉ። ያርሚት ቀና ብላ ድምፁን አዳመጠች፤ ምን ተገኝቶ ነው የሚነፉት ብላ ለማሰብ ሞከረች፤ ሊመጣላትም አልቻለም።